ባር ባር የሚያሰኝ ሰዓት

አስኮ ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የታክሲው ሰልፍ ከአስፋልቱ ዳር ተነሥቶ የሱቆቹን በረንዳ አልፎ ይታጠፋል። ወያላዎቹ «ከታ! አሸዋ ሜዳ! ቡራዩ!» እያሉ ይጣራሉ። የተሰለፈው ሰው ብዙ አያወራም። አንዲት ሴት ዳቦ በፌስታል ይዛለች፤ አንድ ጎልማሳ ለልጁ የገዛውን ደብተር በብብቱ ሸጉጧል፤ ሁለት ተማሪዎች አንዱን ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው ዘፈን ይሰማሉ። ታክሲው ሞልቶ ሲነሣ ሁሉም ፊቱን ወደ መስኮት ይመልሳል። የከተማው መብራት ከኋላ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከፊት የወጨጫ ጥቁር ጀርባ ይታያል። በዚያች ሰዓት ደረት ላይ የምትመጣ ነገር አለች። የሞተ ሰው የለም፣ የጠፋ ዕቃ የለም፣ የተቀያየሙት ሰው የለም። ጎልማሳውን «ምን ሆነሃል?» ቢሉት «ምንም» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ብቻ ሆዱን ባር ባር ብሎታል።

ሐዘን ምክንያት አለው። ናፍቆትም የሚናፈቀውን ሰው ወይም አገር በስሙ ይጠራል። ድብርት ይከብዳል፣ ከአልጋ መነሣት ይከለክላል፣ ሐኪም ይሻል። ይህኛው ቀለል ያለ ነው። መጥቶ ይነካል፣ ትንሽ ይቆያል፣ እራት ሲቀርብ ወይም ስልክ ሲጠራ ይሄዳል። አንዳንዴ ደስ የሚል ነገርም አለው፤ ሰው ሥራውን ትቶ መስኮት ዳር ቆሞ እንዲቀር የሚያደርገው እሱ ነው። ጃፓኖች ለዚሁ ስሜት የተመደበ ቅጽል አላቸው፤ ሞኖሳቢሺ ይሉታል። ቅጠል የሚረግፍበት ወር ምሽት፣ የበዓሉ ሰው ተበትኖ ያለቀበት አደባባይ፣ ወጣቶቿ የሄዱባት የባሕር ጠረፍ መንደር ሞኖሳቢሺ ናቸው። ቅጽሉ የሚነገረው ስለ ሰው ብቻ ሳይሆን ስለ ቦታም ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ገጣሚ ማትሱኦ ባሾና ተከታዮቹ ከዚሁ ዘር የሆነውን «ሳቢ»ን የግጥም ውበት መለኪያ አድርገውት ነበር። እኔን የሚያሳስበኝም ቦታው ነው። ይህ ስሜት ማንም ሰው ዘንድ ይደርሳል፤ አንዳንድ ቦታ ግን ቤት ሠርቶ ይቀመጣል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ እንዲህ ካሉት ቦታዎች ናቸው። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ፤ ሦስቱም ከመሀል ከተማው ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ተቀምጠዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቡራዩም ሰበታም ገና ወደ 49 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ያኔ ጤፍና ጓያ ይዘራበት የነበረው መሬት ግን ዛሬ ጣሪያ ለብሷል። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ሦስቱን ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር አዋሕዶ ሸገር ከተማን መሠረተ። በወረቀት ላይ አንድ ከተማ ሆነዋል። ታክሲው ግን አሁንም ለየብቻ ነው የሚጠራቸው፤ ለቡራዩ አስኮ፣ ለሰበታ አየር ጤና፣ ለሱሉልታ አዲሱ ገበያ።

ወደነዚህ ከተሞች የሄደው የአዲስ አበባ ሰው አብዛኛው የሄደው ወዶ አይደለም ለማለት እደፍራለሁ። የቤት ኪራይ ገፍቶታል። መሀል ከተማ ለአንድ ክፍል በሚከፈለው ገንዘብ ቡራዩ ላይ ሁለት ክፍል ይገኝ ነበር፤ እቁብ የደረሰው ደግሞ ትንሽ ቦታ ገዝቶ ብሎኬት መደርደር ይጀምር ነበር። ቤቱ ሲያልቅ ደስታው እውነተኛ ነው። የራስ በር፣ የራስ ቁልፍ፣ የራስ ጓሮ። ድፎ ተደፍቶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ የድሮ ጎረቤት በሚኒባስ ተጭኖ መጥቶ «ቤቱን የሳቅ የጨዋታ ያድርግላችሁ» ብሎ ይመርቃል። በማግሥቱ ግን ሚኒባሱ የለም። ጠዋት ጀበናው ይጣዳል፤ ሲኒው ከስድስት ወደ ሁለት ወርዷል።

ይህ የሲኒ ነገር ቀላል አይደለም። የድሮውን የቀበሌ ቤት የኖረበት ያውቀዋል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ አንዱ ሲያስል ሌላው ይሰማል። ሽንት ቤቱ ለስንት አባወራ አንድ ነው፣ ጣሪያው ሐምሌ ላይ ያፈሳል፣ ቦኖው ጋ ወረፋ አለ። ያንን ኑሮ በናፍቆት የሚያስውበው ሰው ልክ አይመስለኝም፤ ሽንት ቤቱን የሚናፍቅ የለም። የሚናፈቀው ሳሉ ነው። ግድግዳውን ተሻግሮ የሚመጣው ሳል፣ «እትዬ፣ ዛሬ ደህና አላደሩም እንዴ?» ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት የሚሆነው ሳል። አዲሱ ቤት በሁሉ ነገር ይሻላል፤ ግን በላሜራ በር ተዘግቷል፣ አጥሩ ላይ ጠርሙስ ተሰክቷል፣ ሰው «ቤቶች!» ብሎ ዘው አይልም። ደውሎ ነው የሚመጣ። ደውሎ የሚመጣ ሰው እንግዳ ነው፤ ለእንግዳ ደግሞ ቤት ይጸዳል፣ ልብስ ይቀየራል። በየቀኑ እንግዳ መቀበል የሚችል የለምና በየቀኑ መገናኘቱ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ የእድሩ ጉዳይ ነው። ቡራዩና ሰበታ ከገቡ ዓመታት ያስቆጠሩ ቤተሰቦች የድሮ ሰፈራቸውን እድር አልተዉም። ወርሃዊ መዋጮው በዘመድ እጅ፣ በልጅ፣ አሁን አሁን በስልክ ይላካል። የወር ስብሰባ ሲኖር አባት እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ይሄዳል። የእድር ደብተሩ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። እንደኔ ይህ ደብተር ሰውየው የት እንደሚኖር ከመታወቂያው ይልቅ በትክክል ይናገራል። የሚያድረው ቡራዩ ነው፤ የሚቀበረው ግን በድሮ ሰፈሩ ሰዎች እጅ ነው። ለቀብሩ የሚያምናቸው እነሱን ነው።

የታሪኩ መዞር እዚህ ላይ ያስደንቃል። እድር ራሱ የስደተኛ ፈጠራ ነው። አጥኚዎች እንደሚሉት የከተማ እድር በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርታት ከየገጠሩ አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች ያቋቋሙት ነው። ዘመድ በሌለበት ከተማ የሚሞት ሰው ማን ይቅበረው የሚለው ጥያቄ ነው የወለደው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ለፋፊው፣ ሁሉም ባዳ ለነበሩ ሰዎች መልስ ነበር። እነዚያ ባዳዎች በሁለትና ሦስት ትውልድ ዘመድ ሆኑ። አሁን የልጅ ልጆቻቸው እንደገና ባዳ ወደ ሆኑበት ቦታ ሄደዋል፤ እድሩ ግን በድሮው ሰፈር ቀርቷል፤ በየወሩ እየተመለሱ ይነኩታል።

ስለ ሐዘን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በነዚህ ከተሞች ስለ ለስላሳ ስሜት ብቻ መጻፍ ታሪካቸውን መካድ ይሆናል። መስከረም 2011 ቡራዩ ውስጥ ሰው ተገደለ፣ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ እቁብ ያስቆመው ብሎኬት በአንድ ቀን ክምር ሆነ። ይህ ባር ባር ማለት አይደለም፤ ይህ ስሙ ሐዘን ነው፣ ባለቤትም ቀንም አለው። ሁለቱን የማነሣው ቀላሉ ስሜት ከከባዱ አጠገብ ስለሚኖር ነው። አንድ ጊዜ ቤቱ የፈረሰበት ጎረቤት ያየ ሰው፣ የራሱ ቤት ቢቆምም፣ ምሽት ላይ ሲገባ ግድግዳውን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው።

እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ መግባት ሌላ አገር መግባት ነው። ጋራው ውሃ ይከፍላል፤ በደቡብ ጎኑ የዘነበው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ በሰሜን ጎኑ የዘነበው የሱሉልታን ሜዳ አጥለቅልቆ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ክረምት ላይ ረግረግ ይሆናል፤ ጥቅምት ላይ ሣሩ ታጭዶ ይከመራል። የሱሉልታ ድርቆሽና የሱሉልታ ወተት አዲስ አበባን ለብዙ ዘመን መግበዋል። ዛሬ ሜዳውን ዓለም የሚያውቀው በሯጮች ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም የሠራው እዚሁ ነው፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጉም ውስጥ የሚሮጡ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው።

ሱሉልታ ላይ ግን ስሜቱ ባለቤት ይቀይራል። እዚህ ባር ባር የሚለው የመጣውን ብቻ አይደለም፤ የነበረውንም ነው። የገበሬው ቤት አልተንቀሳቀሰም። ደጃፉ ያው ነው፣ ባሕር ዛፉ ያው ነው። ዙሪያው ነው የሄደው። በአንድ በኩል የግንብ አጥር፣ በሌላው በኩል መጋዘን፣ ከፊት ያልተጨረሰ ፎቅ። መሬቱ ለኢንቨስትመንት ወይም ለከተማ ልማት ተወስዶ ካሳ የተከፈለው ሰው ገንዘቡን በላበት፣ ልጅ ዳረበት፣ ባጃጅ ገዛበት፤ ገንዘቡ አለቀ፤ መሬቱ ግን በየቀኑ ከዓይኑ ፊት አለ። ሳይሰደድ የተሰደደ ሰው ነው። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን የተነሣው ተቃውሞ ዕቅዱን በጥር 2008 አስሰርዞታል፤ ብዙ ወጣት ግን ሕይወቱን ከፍሎበታል። ዕቅዱ ቢሰረዝም ከተማዋ መስፋቷን አላቆመችም።

ገጠር ውስጥ የምሽት ሰዓት የሚለካው በከብት ነው፤ ከብት የሚገባበት ሰዓት ይባላል። አቧራው፣ የጥጆቹ ጩኸት፣ የእረኛው ፉጨት፣ ሴቶቹ ወተት ለማለብ ቅል ይዘው መውጣታቸው፤ ያ ሁሉ ምሽትን ይሞላዋል። ከብቱ ሲቀንስ ሰዓቱ ባዶውን ይቀራል። ሽማግሌው በልማዱ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ሜዳው ያያል፤ የሚገባ ነገር የለም። የሚያየው መብራት የበራበት መስኮት ነው፤ በመስኮቱ ውስጥ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ተከራይ ቆሞ ወደ እርሱ ደጃፍ ያያል። ሁለቱም በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ይሰማቸዋል፤ አጥሩ ግን በመካከል አለ። ስለነዚህ ከተሞች የምናገረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። የመጣው ሰው ብቸኛ እርሱ ብቻ ይመስለዋል፤ የነበረው ሰው ደግሞ መጪው ሁሉን አግኝቶ የደላው ይመስለዋል።

የሚገናኙት በወተት ነው። ጠዋት ላይ አንዲት ላም ብቻ የቀረቻቸው እናት በፕላስቲክ ጀሪካን ወተት ይዘው በር ያንኳኳሉ። «አካም ቡልታኒ?» ይላሉ። ተከራይዋ የተማረቻት አንዲት ቃል አለች፤ «ነጋ፣ አዴ» ትላለች። አማርኛና ኦሮምኛ ተቀላቅሎ የልጁ ጉንፋን፣ የላሟ መታመም፣ የፉርሽካው ዋጋ ይወራል። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለውን ሦስት ደቂቃ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ፤ የከተማ አስተዳደር በጀት ይዞ ሊያቋቁመው የማይችል ነገር ነው፤ ሊያጠፋው ግን ይችላል። ላሟ የምትግጥበት መስክ ሲያልቅ ወተቱ ያልቃል፤ ወተቱ ሲያልቅ የሚንኳኳ በር የለም።

ስሜቱን ከማንም በፊት ያወቁት ሙዚቀኞቻችን ናቸው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ የመጀመሪያው በስሜት የተሰየመ ነው። ትዝታ የቅኝት ስም ነው፣ የዘፈን ስም ነው፣ የልብ ሁኔታም ስም ነው። መሐሙድ አህመድ፣ በዛወርቅ አስፋው፣ አስቴር አወቀ ሁሉም የየራሳቸውን ትዝታ አዚመዋል፤ እያንዳንዱ ስንኙን እንደ ልቡ ይገጥማል፣ ቅኝቱ ያው ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ ውስጥ አሥረኛው ቅጽ ለትዝታ የተሰጠ ነው። ሃያ አንደኛው ደግሞ በመጋቢት 2015 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራ ነው። እማሆይ ያንን ስሜት ያለ ስንኝ፣ በጣት ብቻ ተናገሩት።

ክራር የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይሞክረው። ትዝታ ሚነር የሚባለው ከዶ ቢነሣ ዶ፣ ሬ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። አምስት ድምፅ፣ ሌላ የለም። የጃፓን ኤንካ የሚባለው የአዋቂዎች ዘፈን ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ሚነር ስልት ደግሞ እነዚሁ አምስት ድምፆች ናቸው። ሜጀሩም እንዲሁ ይገጥማል። የተወራረሱት ነገር አይደለም፤ ሁለት ሩቅ ሕዝቦች ለተመሳሳይ ስሜት ተመሳሳይ ድምፅ መረጡ። ኤንካ የሚዘፍነው ስለ ወደብ፣ ስለ በረዶ፣ ስለ መጨረሻው ባቡር፣ ትተውት ስለ መጡት መንደር ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 70ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሰሜናዊ ጃፓን ገጠር የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ ልጆች በልዩ ባቡር በጅምላ እየተጫኑ ለፋብሪካ ሥራ ቶኪዮ ይወሰዱ ነበር፤ የሚወርዱት ኡኤኖ ጣቢያ ነበር። የዚያን ጊዜ ዘፈን የነዚያ ልጆች ዘፈን ነው። ከታ ወርዶ በጨለማ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ቃሉን ባይሰማም ዜማውን ይሰማዋል።

ሰበታም የባቡር ከተማ ነው፣ ግን በተገላቢጦሽ። መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው፣ የሚጀምረው ከሰበታ ነው። መንገደኛው የሚሳፈረው ግን ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። የድሮው ለገሃር በመሸኘት የታወቀ ነበር፤ በመሀረብ እንባ የሚጠርጉ፣ በመስኮት እጅ የሚጨባበጡ፣ ስንቅ የሚያቀብሉ ሰዎች ይሞሉት ነበር። የሰበታው የመስመር መነሻ ሽኝት የሌለበት መነሻ ነው። ስለ ብረት መንገድ ቅሬታ የለኝም፤ ጭነት ወደብ ማድረስ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጣቢያ ሲሠራ የሚሸኝ ሰው የሚቆምበት ቦታ የጣቢያው አካል መሆኑን የሚያስብ ሰው መኖር አለበት።

ከወጨጫ ግርጌ ያለችው ይህች ከተማ ሌላም የሩቅ ልጆች ታሪክ አላት። በንጉሡ ዘመን የተከፈተው የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ከየክፍለ አገሩ የመጡ ማየት የተሳናቸው ልጆችን በአዳሪነት ሲያስተምር ኖሯል። ስለ ምሽት ሳስብ እነዚያ ልጆች ይመጡብኛል። ጀምበር መጥለቋን የማያይ ልጅ መምሸቱን በምን ያውቃል? ከወጨጫ በሚወርደው ብርድ፣ ወፎቹ ዛፍ ላይ ሲሰፍሩ በሚያሰሙት ሁካታ፣ ከመንገዱ በኩል በሚቀንሰው የመኪና ድምፅ፤ ቀኑ ሲመሽ በቆዳና በጆሮ ይገባል። ከወሎ ወይም ከሲዳማ የመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዚያች ሰዓት መኝታ ቤቱ ውስጥ የሚሰማውን፣ ስንቱ ጎልማሳ በታክሲ መስኮት እያየ ይሰማዋል። ልጁ ግን አንድ የሚበልጥበት ነገር ነበረው። በአጠገቡ ባለው አልጋ ላይ ከሌላ አገር የመጣ፣ ያው የሚሰማው ሌላ ልጅ ነበር፤ ማውራት ይችሉ ነበር።

እዚህ ላይ ቀላሉ ስሜት የሚከብድበትን ድንበር መናገር ያስፈልጋል። ብቸኝነት የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚል እምነት በእኛ ዘንድ ሥር ሰዷል፤ እንግሊዝ በጥር 2010፣ ጃፓን በየካቲት 2013 ለብቸኝነት ጉዳይ ሚኒስትር ሲመድቡ ዜናው እኛ ዘንድ በግርምት ነበር የተሰማ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ያወጣው ሪፖርት ግን ያንን እምነት ያፈርሳል። በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ብቸኝነት ይጎዳዋል ይላል፤ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ያለው መጠን 24 በመቶ ገደማ ሲሆን በሀብታሞቹ 11 በመቶ ገደማ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚሰማቸውም አዛውንቶች ሳይሆኑ ወጣቶች ናቸው። ሥር የሰደደ ብቸኝነት ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለድብርት እንደሚያጋልጥም ያስረዳል።

እኛን ያዳነን ድህነታችን አልነበረም ማለት ነው፤ አቀማመጣችን ነበር። ግድግዳው፣ ቦኖው፣ ሲኒው፣ ድንኳኑ። አቀማመጡ ሲቀየር መድኃኒቱም ይቀራል። በምሽት የሚመጣው ባር ባር ማለት በራሱ አያስፈራኝም፤ ሰው ከሰው ጋር የተሳሰረበት ገመድ ገና እንዳልተበጠሰ ምልክት ነው። የሚያስፈራኝ ስሜቱ መጥቶ የሚሄድበት ደጅ ማጣቱ ነው። ድሮ ሰው ሲከፋው ወጥቶ ጎረቤት ደጃፍ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ምን ሆንክ የሚለው የለም፤ ቆሎ ይቀርባል፣ ወሬ ይወራል፣ ይሄዳል። አሁን ስልኩን ይከፍታል። ስልኩ ሩቅ ያለውን ዘመድ ያቀርባል፤ ያጠገቡን ሰው ግን አያስተዋውቅም። ሠፈሩ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖሮ የፊት ለፊቱን ቤት ልጅ ስም የማያውቅ ሰው ቁጥሩ እየበዛ ነው።

ቡራዩ ላይ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የገፈርሳ ግድብ አለ። ውሃው ለአዲስ አበባ ቧንቧ ነው። ከሰዓት በኋላ ዳርቻው ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሣር ይለቅማል። ወጣቶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ አንዳንዱ ብቻውን ነው፣ አንዳንዱ ከጓደኛው ጋር ነው፤ ብዙም አይነጋገሩም። ገንዘብ ሳይከፈልበት፣ ምን ትሠራላችሁ ሳይባሉ፣ ተቀምጠው ዝም የሚሉበት ቦታ ለማግኘት ነው የሚመጡት። እንዲህ ያለ ቦታ በየሠፈሩ እንደሚያስፈልግ ከነሱ በላይ የሚመሰክር የለም።

በአዳዲሶቹ ሠፈሮች ውስጥ የአካባቢ እድሮች መቋቋም ጀምረዋል፤ ይህ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ነው። ነባሩ የኦሮሞ ገበሬና የአዲስ አበባው ተከራይ በአንድ መዝገብ ይመዘገባሉ፤ ጥሪው በኦሮምኛም በአማርኛም ይነገራል፤ ጸሎቱም እንደየሃይማኖቱ ይሆናል። መዋጮው እስኪጠራቀም ድንኳን በኪራይ ይመጣል፤ ከዚያ ብረት ድስት ይገዛል፣ ከዚያ አግዳሚ፣ መጨረሻ የራስ ድንኳን። አሁን ያሉበት ችግር የገንዘብ አይደለም። ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታ ነው። ቦታው ሁሉ እስከ መንገዱ ጠርዝ ተሸንሽኖ ታጥሯል፤ ለቅሶ ሲኖር መንገድ ይዘጋል፣ ባጃጅና አይሱዙ በሰው መሀል ጡሩምባ እየነፉ ለማለፍ ይታገላሉ፣ ለቀስተኛው ተነሥቶ አግዳሚ ያነሣል። ሸገር ከተማ አዲስ ሠፈር በፕላን ሲያወጣ ለመኪና ማቆሚያ የሚለየውን ያህል ለድንኳን ይለይ፤ አሥር ሜትር በሃያ ይበቃል። ለቅሶ በሌለበት ቀን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሽማግሌዎች ፀሐይ ይሞቁበታል፣ ወተት ሻጯም ጀሪካናቸውን አሳርፈው ትንሽ ይቀመጡበታል።